በአሲድ የታጠበ ካኦሊን፦ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ፒኮቹ ለምን ቦታቸውን ለቀቁ?

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦
የቦምቦሃ ካኦሊንን (ነጭ የሸክላ አፈር) በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥቤ ለዜዮላይት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን) ሥራ እያዘጋጀሁ ነው። ከእጥበቱ በፊትና በኋላ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (ኤክስሬይ ከክሪስታል ላይ በየትኛው አንግል እንደሚመለስ የሚለካበት ዘዴ)፣ በመዳብ የኤክስሬይ ቱቦ አስለክቼ ነበር። ባልታጠበው ናሙና 12.3 ዲግሪ ላይ የነበረው የካኦሊናይት (የካኦሊን ዋና ማዕድን) የመጀመሪያ ፒክ (በልኬቱ መስመር ላይ የሚታይ ጫፍ) በታጠበው ወደ 12.1 ወርዷል፤ ቁመቱም ከሌሎቹ ፒኮች እጅግ በልጦ ይታያል። አሲዱ በንብርብሮቹ መካከል ገብቶ አራርቋቸዋል ብዬ በመመረቂያ ጽሑፌ ብጽፍ ያስኬዳል? ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
እዚያ ድምዳሜ ላይ ከመድረስዎ በፊት ኳርትዙን (የሲሊካ ማዕድን) ይመልከቱ። ካኦሊን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኳርትዝ ይኖራል፤ ዋናው ፒኩ በ26.64 ዲግሪ ይወጣል፤ ይህ አሲድም አይነካውም። ንብርብሮቹ ተራርቀው ቢሆን ኖሮ የሚንቀሳቀሱት የካኦሊናይቱ ፒኮች ብቻ ሲሆኑ ኳርትዙ ባለበት ይጸና ነበር። እሱም አብሮ በተቀራራቢ መጠን ከወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዱቄቱ ገጽ ከመያዣው ጠርዝ ዝቅ ማለቱ ነው። የጎንዮሜትሩ (አንግሉን የሚለካው የመሣሪያው ክፍል) ራዲየስ 150 ሚሊሜትር በሆነ መሣሪያ ላይ ለ0.2 ዲግሪ ልዩነት የሩብ ሚሊሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው።

መልስ (የማቴሪያል ሳይንስ መምህር)፦
በቁመቱ ላይ ልጨምር። የካኦሊናይት ቅንጣቶች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ዱቄቱን ከላይ በመስታወት ስንጫነው ሁሉም ይተኛሉ፤ በዚህም የተነሣ በ12.3 እና በ24.9 ዲግሪ ያሉት ፒኮች ያለ ልክ ሲያድጉ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ያሉት ይደበዝዛሉ። መድኃኒቱ መያዣውን ከኋላ ወይም ከጎን መሙላት ነው። ናሙናውን በአጌት (ጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ በኤታኖል አርጥበው በቀስታ ይፍጩት፤ በኳስ ወፍጮ ለረጅም ሰዓት መፍጨት የካኦሊናይቱን ክሪስታል ያፈርሰዋልና እባክዎ ይጠንቀቁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኳርትዙ ባልታጠበው 26.64፣ በታጠበው 26.44 ላይ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ያለውን ልኬት አርሜ መጠቀም እችላለሁ?

መልስ (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
እንግዲያው ንብርብሮቹ አልተራራቁም። የፒኮቹን ቦታ በኳርትዙ ማረም ይችላሉ፤ ሆኖም የዝቅታው ስሕተት አንግሉ ሲጨምር እየቀነሰ ስለሚሄድ ሁሉንም ፒክ በእኩል 0.2 መግፋት ትክክል አይሆንም፤ በሪትቬልድ ስሌት (ሙሉውን የልኬት መስመር ከክሪስታሎቹ ሞዴል ጋር የሚያዛምድ ስሌት) ጊዜ የናሙና ከፍታን ማስተካከያ ይጠቀሙ።

መልስ (የማቴሪያል ሳይንስ መምህር)፦
ቁመቱ ግን በዚህ አይታረምም። ስለ ማዕድናቱ መጠን የሚጽፉት ነገር ካለ ወረፋው ቢረዝምም ሁለቱንም ናሙናዎች በአንድ ዓይነት አሞላል አዘጋጅተው በአንድ ቀን ያስለኩ። የታጠበው የጀርባ መስመር (ከፒኮቹ ሥር ያለው መነሻ ደረጃ) ዝቅ ብሎ ከታየዎትም አይደንግጡ፤ ብረት በመዳብ ጨረር ሲመታ የራሱን ኤክስሬይ ስለሚያመነጭ የጀርባውን መስመር ከፍ ያደርገዋል፤ አሲዱ ብረቱን ሲያወጣው መስመሩ ይወርዳል። ይህን በኬሚካላዊ ትንተና ካረጋገጡት የእጥበቱ እውነተኛ ውጤት አድርገው ሊጽፉት ይችላሉ።