ሳሎኔን ከመቀባቴ በፊት ግድግዳውን ምን ላድርገው?

ጥያቄ (የሳሎን ባለቤት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቀለም ቀቢ ሒሳብ ስላልቻልኩት ሳሎኔን ራሴ ልቀባው ነው። የብሎኬት ቤት ነው። ከታች እስከ ወገብ ቡናማ ዘይት ቀለም፣ ከላይ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አለው። ሁሉንም በክሬም ፕላስቲክ ቀለም ልሸፍነው አስቤያለሁ። ችግሩ ከመስኮቱ ሥር ክረምቱ ያመጣው ሻጋታ አለ፤ ቀለሙም እያበጠ ይረግፋል። ቡና የማፈላበት ጥግ ደግሞ በከሰልና በዕጣን ጭስ ጠቁሯል። ለመስቀል ይደርስልኛል? ትንሽ ልጅም አለኝ።

ቀቢው፦ እህቴ፣ መስቀልን እርሺው። ቀለሙ የሚያብጠው ከኋላው ውሃ ስላለ ነው። ላዩ ላይ ብትቀቢበት አዲሱም አብሮ ይወርዳል። መጀመሪያ ከውጭ በኩል እዪው፤ የመስኮቱ ደፍ ተሰንጥቆ፣ አሸንዳው ግድግዳው ላይ እያፈሰሰ፣ ወይም የግቢው አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ተቆልሎ ሊሆን ይችላል። እሱን ካስተካከልሽና ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ትንሽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈሽ ለ24 ሰዓት ተይው። ስታነሺው ግድግዳው በኩል ጤዛ ካለ ገና ነው።

ዘይት ቀለሙን ደግሞ ሳትነኪ በፕላስቲክ ብትቀቢው በጥፍር ፋቅ ስታደርጊው ተልጦ ይመጣል። ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ከዚያ ዘይት ቀለም ላይ የሚይዝ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) አንድ ዙር ስጪው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ስለ ልጅሽ ልናገር። ዘይት ቀለሙ የቆየ ከሆነ በደረቁ አትሸው፤ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ልጆችን የሚጎዳ መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቤት ሞልቷል። የውሃውን ብርጭቆ ወረቀት ገዝተሽ እያረጠብሽ እሺው፣ ማስክ አድርጊ። ልጁን አያቱ ጋ ላኪው።

ጎረቤት፦ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? የረገፈውን በጄሶ ሙይና ቀቢው፣ አለቀ።

ቀቢው፦ ወንድሜ፣ ጄሶ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ከመስኮቱ ሥር በሲሚንቶ ይለሰን። ጄሶው ለደረቅ ቦታና ለሚስማር ቀዳዳ ይሁን፤ እሱም ቀለም ስለሚመጥጥ፣ የመጀመሪያውን ዙር በውሃ ቀጠን አድርጊው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ለሻጋታው አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠሽ እሺው፣ ጥቂት ቆይተሽ እጠቢው። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪው፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

የሳሎን ባለቤት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቡናውን ጥግስ? በሳሙና አጠብኩት፣ ግን ቢጫ ነገር ቀረ።

ቀቢው፦ ጭስ ፕላስቲክ ቀለም ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ ሦስቴ ብትቀቢውም ያው ነው። እዚያ ጥግ ላይ በዘይት የተሠራ ፕራይመር አስቀድሚ። ብሩሹን በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ታጥቢያለሽ። ለሶኬቶቹ ደግሞ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተሽ ክዳናቸውን ፍቺ። ዞኮሎው (ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ) ላይ የለጠፍሽውን ቴፕ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ላጪው፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞ ይቀደዳል።