ሲቪል ጨርሼ ጀርመን ማስተርስ ማመልከት ፈልጌ ነበር፣ ከየት ልጀምር?

ሲቪሏ_ከሀዋሳ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። በ2016 በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፌ አሁን አንድ ኮንትራክተር ጋ ሳይት ኢንጂነር ሆኜ እየሰራሁ ነው፣ አመት ከምናምን ሆኖኛል። ሲጂፒኤዬ 3.24 ነው። የምንሰራው የከተማ መጠጥ ውሃ መስመር ነው፣ እና እዚያ ከገባሁ በኋላ ውሃ ላይ ማስተርስ መማር በጣም ፈልጌያለሁ፣ በተለይ መስመር ላይ የሚባክነውን ውሃ በተመለከተ።

ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር የተነሳሁት፣ ከዛ ሳነብ ሳነብ ብሎክድ አካውንት (ለኑሮ ወጪ ቀድሞ ባንክ ተዘግቶ የሚቀመጥ ገንዘብ) 11,904 ዩሮ የሚል ነገር መጣ። እኔ ደሞዜ ይታወቃል፣ አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ከቤተሰብ የምጠይቀው ነገር የለም። አንድ ኤጀንሲ ጋ ሄጄ ደግሞ አድሚሽን በሶስት ወር እናወጣልሻለን ብለው ገና ፋይል ለመክፈት ብቻ ብዙ ብር ጠየቁኝ። እና 3.24 ይበቃል ወይ? አይኤልትስ ግዴታ ነው? ኤጀንሲ ያስፈልጋል? ከምንም በላይ ደግሞ ገንዘቡን ሰው እንዴት ነው የሚወጣው? የምታውቁ እባካችሁ።

በዳአድ_የመጣሁ፦
እህቴ ሰላም። እኔ አሁን እዚሁ ጀርመን ማስተርስ ላይ ነኝ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ውጤትሽ አያሳስብሽ። እዚህ ነጥብ ተገልብጦ ነው የሚሰራው፣ 1 ትልቁ ነው 4 ማለፊያው። የኛን የሚቀይሩበት ባቫሪያን ፎርሙላ የሚባል አለ፣ ራስሽ ልታሰይው ትችያለሽ። ከ4.0 ላይ 3.24 ስትቀንሺ 0.76፣ እሱን በትልቁና በማለፊያው ነጥብ ልዩነት ማለትም 4 ሲቀነስ 2 ታካፍያለሽ 0.38 ይሆናል፣ በ3 አባዥው 1 ደምሪበት፣ 2.14 መጣልሽ። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት 2.5 ወይም ከዛ የተሻለ ነው ስለዚህ ገብተሻል ማለት ነው። ብዙ የኛ ልጆች የሚያዙት ኮርስ ላይ ነው። ማቲማቲክስ ስንት ክሬዲት፣ መካኒክስ ስንት፣ ሀይድሮሊክስ ስንት ብለው ከራሳቸው ባችለር ጋር እያስተያዩ ይቆጥራሉ። ትራንስክሪፕት ላይ ያለው የኮርስ ስም ብቻውን ምንም አይነግራቸውም፣ ስለዚህ ከዲፓርትመንትሽ የእያንዳንዱን ኮርስ ይዘት የያዘውን ዝርዝር አስፈርመሽ ማህተም አስመትተሽ ያዢ። ይሄን አሁን ጀምሪው፣ የዲፓርትመንት ሀላፊ ተቀየረ ፋይሉ ጠፋ ምናምን እየተባለ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ኮስት ሼሪንግም እንደዛው፣ ካልተዘጋ ሬጅስትራር ኦሪጅናል ዲግሪሽን አይሰጥሽም፣ ከደሞዝሽ እየተቆረጠ ከሆነ ቀሪው ስንት እንደሆነ ጠይቂና እቅድሽ ውስጥ አስገቢው።

አይኤልትስ እንደ ፕሮግራሙ ነው። አንዳንዱ በእንግሊዝኛ ተምራለች የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይበቃዋል፣ ስኮላርሺፕ ያለባቸው ግን አብዛኞቹ ፈተናውን ይፈልጋሉ። የሚያገለግለው ሁለት አመት ብቻ ስለሆነ ከማመልከቻሽ ብዙ አስቀድመሽ አትውሰጂው።

ኤጀንሲ አያስፈልግሽም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዩኒ አሲስት በሚባል የጋራ ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅት በኩል ነው የሚቀበሉት፣ ለመጀመሪያው 75 ዩሮ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ነው፣ ሌሎቹ በራሳቸው ፖርታል ይቀበላሉ። ፎርሙ አንቺ የማትሞይው ነገር የለውም። ኤጀንሲው የሚያደርገው ያንቺኑ ፒዲኤፍ መጫን ነው።

አሁን ዋናው። አድሚሽን ለማግኘት ማንም ገንዘብ አሳዪ አይልሽም። ብሎክድ አካውንት የሚመጣው ኤምባሲ ላይ ነው፣ ለቪዛ። ለዚህ ነው አድሚሽን በእጃቸው ይዘው ቤታቸው የቀሩ ስንትና ስንት ጎበዝ ልጆች ያሉት፣ እኔ የማውቃቸው እንኳን አሉ እና ያሳዝነኛል። 11,904 ዩሮ ማለት በወር 992 ዩሮ ለአንድ አመት ማለት ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከዛ ገንዘብ የሚለውን ገልብጪው። መጀመሪያ ገንዘብ የሚሰጠውን ፕሮግራም ፈልጊ፣ ከዛ ወደ ኋላ ተመልሰሽ እሱ የሚጠይቀውን አሟዪ።

ላንቺ የሚሆነው የዳአድ፣ ማለትም የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት፣ ኢፖስ የሚባለው ነው። ከታዳጊ አገር ለሚመጡ ባለሙያዎች ነው፣ ከዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት አመት የስራ ልምድ ይፈልጋል፣ ዲግሪው ደግሞ ከስድስት አመት በላይ መቆየት የለበትም። የወር አበል አለው ኢንሹራንስ አለው የአውሮፕላን ድጎማ አለው፣ ብሎክድ አካውንት የሚባል ነገር ውስጥም አትገቢም። የኮርሶቹ ዝርዝር በየአመቱ ይወጣል፣ ሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ ዋሬም የሚባል የውሃ ሀብት ኢንጂነሪንግ አለው፣ እዛው ኢንፍራስትራክቸር ፕላኒንግም አለ። ማመልከቻው ቀጥታ ለኮርሱ ነው የሚላከው፣ መዝጊያ ቀኑም በየኮርሱ ይለያያል፣ በፈረንጆቹ አንዱ ነሐሴ ላይ ሲዘጋ ሌላው እስከ ጥቅምት ይቆያል። አንቺ አመት ከምናምን ሰርተሻል፣ ትንሽ ነው የቀረሽ፣ እባክሽ ስራሽን አትልቀቂ።

ሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ ደግሞ ጀርመን በቴክኖሎጂ የመጠቀች አገር ናት እያልሽ አትጻፊ፣ እነሱ ያውቁታል። ቧንቧው ፕሬዠር ቴስት ሳይደረግለት ሲቀበር አይተሽ ከሆነ እሱን ጻፊ፣ የትኛው ዲያሜትር፣ ለምን ተዘለለ፣ ውሃው የት ጠፋ፣ ማን ነው ሳያገኝ የቀረው። ያንን ያየ ሰው ነው የሚፈልጉት።

የጅማው_ልጅ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ የጻፈው ትክክል ነው ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም፣ ሁለት አመት እስኪሞላ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ህብረት ስኮላርሺፕ የስራ ልምድ ግዴታ አይልም፣ ትምህርቱ ነጻ ሆኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ቢያንስ ሁለት አገር ላይ ነው የምትማሪው። ማመልከቻው በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ነው አብዛኛው። ውድድሩ ከባድ ነው እውነት ነው፣ ከአለም ሁሉ ነው የሚያመለክተው፣ ግን ማመልከቻው ራሱ ብዙ ጊዜ አይከፈልበትም እና ምን ይጎዳሻል? ሃንጋሪም ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም የሚባል የመንግስት ስኮላርሺፕ አለ በፈረንጆቹ ጥር አጋማሽ ላይ ነው የሚዘጋው፣ እሱንም እዪው። አንድ ቦታ ብቻ ተስፋ ማድረግ ጥሩ አይደለም፣ ያው ዶክመንቱ አንድ አይነት ነው አንዴ ካዘጋጀሽ ለሁሉም ይሆናል።

በዳአድ_የመጣሁ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ጎን ለጎን ታመልክት። እኔ የፈራሁት ገንዘብ ለሌላቸው ፕሮግራሞች ዩሮ ከፍላ ጉልበቷን እንዳትጨርስ ነው። ነጻ የሚለውም ነገር እኮ ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ሽቱትጋርትና ካርልስሩህ ያሉበት ግዛት በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፣ የሙኒኩ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2024 ዊንተር ሴሚስተር ጀምሮ ማስተርስ 4,000 ወይም 6,000 ዩሮ በሴሚስተር ነው ያደረገው። የድሮ ዩቲዩብ ቪዲዮ አይታችሁ ሙኒክ ነጻ ነው እያላችሁ እንዳትነሱ።

እቴቴ_ፍራንክፈርት፦
ልጄ ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ኢንጂነሪንግ አላውቅም ግን እዚህ አገር ብዙ ስለኖርኩ እና ለእህቴ ልጅ ስለፈረምኩ እሱን ልንገርሽ። እዚህ የሚሰራ ዘመድ ካለሽ በብሎክድ አካውንት ፋንታ እሱ ሊፈርምልሽ ይችላል። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ የደሞዝ ወረቀቱን የቤት ኪራይ ውሉን ይዞ ነው፣ ገቢው በቂ መሆኑን አይተው ነው የሚሰጡት። ግን ልጄ ፊርማው ቀላል ነገር አይደለም፣ አንቺ እዚህ ስትኖሪ መንግስት ለኑሮሽ የሚያወጣው ወጪ ቢኖር ከፈረመው ሰው ላይ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ዘመድ ሲያመነታ ጨከነብኝ ብለሽ አትቀየሚ፣ የራሱም ልጆች አሉት። የሚፈርም ካገኘሽ ደግሞ ምን ላይ እንደሚፈርም አንብቦ ገብቶት ይፈርም።

ሌላው፣ እዛ ሄጄ እየሰራሁ እከፍላለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። ተማሪ በአመት 140 ሙሉ ቀን መስራት ይፈቀድለታል አሁን፣ ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ቋንቋ ሳይኖርሽ ስራ ማግኘትም ፈተና ማለፍም እኩል ያስቸግራል። የእህቴ ልጅ ማታ ምግብ ቤት እቃ አጥባ ጠዋት ክፍል ስትገባ አይቻታለሁ፣ አንጀቴን ነው የበላችው። ጀርመንኛውን ካሁኑ ጀምሪ፣ ጎተ የሚባለው የጀርመንኛ ማስተማሪያ ተቋም አዲስ አበባ አለ፣ ሀዋሳ ሆነሽም በኦንላይን መማር ይቻላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ቤት የምትከራይው በጀርመንኛ ነው።

አስራሁለተኛ፦
ይቅርታ ጥያቄ ላቋርጥ፣ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ነው በጣም ጎበዝ ነው ኢንጂነሪንግ ነው የሚፈልገው፣ ለባችለርስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?

የጅማው_ልጅ፦
ለባችለር ጀርመን ይከብዳል፣ ከ12ኛ ቀጥታ አይገባም። በጣም ጎበዝ ከሆነ አሜሪካን ይሞክር። ኤምአይቲ የውጭ ተማሪንም ቢሆን የቤተሰቡን አቅም ሳያይ ነው የሚቀበለው፣ ከተቀበለ በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ሙሉ ይሸፍናል፣ ሀርቫርድ ፕሪንስተን ዬልም እንደዛው ናቸው። ለመግባት በጣም በጣም ከባድ ነው ግን ሀብታም መሆን አይጠይቅም። ለኤስኤቲ፣ ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናው፣ ካሁኑ ይዘጋጅ፣ የማመልከቻውን ክፍያም አቅም ለሌለው ያነሱለታል። አሜሪካን ኤምባሲ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል በነጻ የሚያማክር ክፍል አለው፣ እዛ ይጠይቅ።

ሲቪሏ_ከሀዋሳ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እቴቴ እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ዘመድ የለኝም ግን ጀርመንኛውን እጀምራለሁ። የወሰንኩት ኢፖስን ዋና አድርጌ ስራዬ ላይ መቆየት፣ ዘንድሮ ደግሞ ኢራስመስ ሁለት የውሃ ፕሮግራም ላይ ማመልከት ነው። ኤጀንሲውን ትቼዋለሁ። አሁን የስራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቄ ረቂቁን ሰጡኝ፣ "ከመስከረም 2017 ጀምሮ በሳይት ኢንጂነርነት በማገልገል ላይ ይገኛሉ" ይላል፣ በእንግሊዝኛም ይጻፍልኝ ብያለሁ። ሌላ መኖር ያለበት ነገር አለ?

በዳአድ_የመጣሁ፦
ኧረ ቆይ ቆይ ቀኑን አስተካክዪው! በእንግሊዝኛ ሲተረጎም ሴፕቴምበር 2017 ብለው በኛ አቆጣጠር እንዳለ ከጻፉት እዚህ ያለው ሰው በራሱ ነው የሚያነበው፣ ገና ሳትመረቂ ሰባት አመት ቀድመሽ ስራ ጀመርሽ ማለት ይሆናል፣ ፎርጅድ ነው ብለው ሊጥሉት ይችላሉ። ሴፕቴምበር 2024 ተብሎ በፈረንጆቹ ይጻፍ፣ የኛውን ከፈለጉ ከጎኑ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ብለው ያስገቡት። ከዛ ሙሉ ሰአት መሆኑ ይጠቀስ፣ የምትሰሪው ስራ በሁለት ሶስት መስመር ይዘርዘር፣ ሳይት ኢንጂነር ብቻ ብሎ መተው አይበቃም፣ የስንት ኪሎ ሜትር መስመር፣ ምን ምን ቁጥጥር። የድርጅቱ ሄደር ያለው ወረቀት ላይ ፊርማ፣ ማህተም፣ ቀን። ኢፖስ ከአሰሪ የድጋፍ ደብዳቤም ይፈልጋል፣ ስትመለስ መልሰን እንቀጥራታለን የሚል ቢጨምሩልሽ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አለቃሽን ካሁኑ አናግሪው።

ስምሽንም እዪው። ዲግሪሽ ላይ፣ ፓስፖርትሽ ላይ እና ደብዳቤው ላይ የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ አንድ መሆን አለበት፣ የኛ ስም አንዱ ቢሮ በአንድ ኤስ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፣ የአያት ስም ፓስፖርት ላይ ኖሮ ዲግሪ ላይ የማይኖርበትም አለ። የሚለያይ ከሆነ ካሁኑ አንድ ሰው ናቸው የሚል ማረጋገጫ ከሬጅስትራር አውጪ፣ የቪዛ ቀጠሮ ደርሶ ከመሯሯጥ ይሻላል። የተስተካከለውን ደብዳቤ ስታገኚ ስምሽንና የድርጅቱን ስም ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።