ያገባውን ትተን እንነጋገር፦ በጌሊክ እግር ኳስ ጨዋታ አቀናባሪው አጥቂ ማን ነው?

የከዚራው፣ ድሬዳዋ

የአጎቴ ልጅ ደብሊን ይኖራል። ለእረፍት መጥቶ በበርጫ ሰዓት ስልኩን ከቴርሞሱ ጋር አስደግፎ የጌሊክ እግር ኳስ ካሳየን ወዲህ ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሏል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ የአየርላንድ ጨዋታ ነው፤ በአንድ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል፤ ኳሱ በእጅም በእግርም ይሄዳል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈ 1 ነጥብ (ከ2025 ወዲህ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ከተመታ 2)፣ መረብ ውስጥ ከገባ 3 ነጥብ ነው። ለተጫዋች ደመወዝ የለም። ሁሉም ሥራ አለው፤ የሚጫወተው ለአውራጃው ነው፤ ኬሪና ደብሊን የአውራጃ ስሞች ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ አጥቂ ራሱ ያስቆጠረውን ሁሉ ብንሰርዝበት፣ ትልቅ ሆኖ የሚቀረው የትኛው ነው? እኔ የኬሪውን ኮልም ኩፐርን እላለሁ። የ2013ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአየርላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከደብሊን ጋር ተመልከቱ። ዕድሜውን በግብ አፋፍ የኖረ ሰው ያን ቀን ወደ መሃል ተስቦ ተሰለፈ። ለጄምስ ኦዶነሁ የላካትን ኳስ እያቆምን ደጋግመን አየናት፤ ያረፈችው ከተከላካዩ ጀርባ፣ ከሯጩ ፊት ነው። ኦዶነሁ እርምጃውን ማሳጠር እንኳን አላስፈለገውም። ኬሪ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 3 ግብ አገባች። በመጨረሻ በ27 ለ20 ተሸነፈች፤ ቢሆንም እኔን ያሳመነኝ ያ ጨዋታ ነው።

ጁገል፣ ሐረር

አምሮበት ተሸነፈ በለኛ! የታይሮኑ ፒተር ካናቫን እያለ ስለ ኩፐር ማውራት ምን የሚሉት ነው? ታይሮን እስከ 2003 ድረስ የአየርላንድን ዋንጫ አንስታ አታውቅም። አምበሉ ካናቫን በፍጻሜው ቁርጭምጭሚቱን ታሞ በእረፍት ሰዓት ወጣ፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተመልሶ ገባና ዋንጫውን አነሳ። ሌላው ደግሞ፣ በ2014 ኩፐር ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ርቆ ሳለ ኬሪ ያለ እሱ ሻምፒዮን ሆነች። አቀናባሪው ሄዶ ቅንብሩ ካልፈረሰ ምኑን አቀናበረው?

የከዚራው

ጁገል፣ ጀግንነቱን ማን ካደ? ግን በ1995ቱ ፍጻሜ ታይሮን ካስቆጠረችው 12 ነጥብ 11ዱን ያገባው ካናቫን ብቻውን ነው። በእኔ መመዘኛ ያን ሁሉ ሰርዘው፤ ምን ይተርፍሃል?

ጁገል፣ ሐረር

መመዘኛውን ለኩፐር ልክ አድርገህ ሰፍተኸዋል።

የድሮው በረኛ፣ ሳቢያን

ሁለታችሁም የ11 ቁጥርን፣ ከፊት መስመሩ በስተኋላ መሃል ላይ የሚሰለፈውን አጥቂ፣ ሥራ አቃለላችሁት። በዚህ ጨዋታ 11 ቁጥር ኳስ የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ፣ ጠባቂው ወገቡ ላይ ተለጥፎበት ነው። ዞሮ፣ አይቶ፣ ለሌላው ማድረስ አለበት፤ ያውም ኳሱን ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም፤ ወይ ማንጠር ወይ ከእግሩ ወደ እጁ መመለስ ግዴታው ነው። የሚዙ ትሬቨር ጋይልስ የኖረው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ሚዝ በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ስትወስድ በሁለቱም ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ኩፐር ለአንድ ከሰዓት የሠራውን ጋይልስ የዕለት እንጀራው አድርጎት ነበር። ልጆች ሳሠለጥን የምፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ነው፤ ግን በእኛ እግር ኳስ ሁሉም ልጅ 9 ቁጥር መሆን ይፈልጋል።

የአጎቱ ልጅ፣ ደብሊን

ስሜ ስለተነሳ ልግባ። የደብሊኑ ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ከ82,000 ሰው በላይ ይይዛል፤ ከላይኛው ወንበር ስትቀመጥ በስልክ የማታየውን ታያለህ። ካሜራው ኳስ ይከተላል፤ አቀናባሪው ግን ሥራውን ግማሽ የሚጨርሰው ኳሱ ሌላ ቦታ እያለ ነው። ስለዚህ ከቪዲዮ ብቻ አትፍረዱ።

የእኔ ምርጫ ፓውዲ ክሊፎርድ ነው። ወንድሙ ዴቪድ ያገባል፣ ስሙም ለዴቪድ ይሄዳል፤ ኬሪ በ2022 እና በ2025 ዋንጫ ስትወስድ ግን ኳሱን እየዞረ ሲሰበስብና ሲያከፋፍል የነበረው ፓውዲ ነው። በ2025 ሕጉም ተለውጧል፤ እያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 3 ሰው በተጋጣሚው የሜዳ አጋማሽ ማስቀረት አለበት። ድሮ 14 ሰው ወደ ኋላ ተሰብስቦ በሩን ሲዘጋ ረጅም ኳስ መላክ ለባላጋራ ስጦታ መስጠት ነበር። አሁን ወደ ፊት የሚመታለት ሰው አለ።

የከዚራው

እንግዲያው ክርክሩን ለእኔ አቀለልክልኝ። ጋይልስ ሜዳው ክፍት በነበረበት ዘመን ተጫወተ፤ ፓውዲ ሕግ ከፈተለት። ኩፐር በ2013 ያቀበለው በሩ እየተዘጋ በነበረበት ጊዜ ነው። ስለ 2014 ደግሞ፣ ጁገል፣ ዋንጫ የ15 ሰው ነው፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ አንድ ሰው እግር ነው።

ጋሼ በረኛው፣ የጋይልስ ሙሉ ጨዋታ ካለህ ላክልኝ፤ የተቆራረጠ ሳይሆን ሙሉውን። ካየሁት በኋላ ሳቢያን ድረስ መጥቼ እከራከርሃለሁ።