ከሸሪኬ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ሽማግሌ ወይስ ክስ?

ጣውላው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ከአብሮ አደጌ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት ከከፈትን አምስት ዓመት ሆነን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፣ ድርሻችን እኩል። እሱ ገንዘቡን አመጣ፣ እኔ ማሽኖቹንና ሙያውን። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም የምውለው እኔ ስለሆንኩ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደመወዝ ብዬ በወር 15 ሺህ ብር ማንሳት ጀመርኩ። በቃል ነግሬዋለሁ። እሱ ግን አልሰማሁም ብሎ ድርቅ አለ፣ ሌባ እያለኝ ነው፣ ጠበቃም ይዟል። አክስቱ ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጥ ትላለች። ክስ ከተጀመረ ሥራው መሞቱ ነው፣ 11 ሠራተኛ አለን። ጭራሽ አንዱን ሠራተኛ ሳያማክረኝ አባረረው፣ ልጁም እከሳለሁ እያለ ነው። ሽምግልና ለንግድ ጉዳይ ይሆናል? የሞከራችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

ባለሱቁ፦
ይሆናል ወንድሜ፣ እንደ አቀማመጡ ነው። እኔ ከባለቤቴ ወንድም ጋር የጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። ስንጣላ ሦስት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። ቡና ተፈላ፣ "ተው፣ ቤተሰብ ናችሁ" ተባልን፣ ተሳሳምን፣ እሱማ አለቀሰ። ደብተሩን የከፈተ ሰው ግን አልነበረም። እርቅ ደም ያደርቅ ይባላል፣ ዱቤ ግን አያደርቅም። በአራተኛው ወር በዚያው ብር ተጣላን፣ በዚህ ላይ ሽማግሌዎቹም ተቀየሙን።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ዘመድ አልጠራንም። አንድ ሂሳብ አዋቂና ሁለታችንም የምናከብራቸው አንድ ነባር ነጋዴ ብቻ። ደረሰኙን ከማዳበሪያ ከረጢት እየዘረገፍን፣ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ በአንድ አየነው። ጠፋ የተባለው ብር ግማሹ እሱ ለዘመድ በዱቤ የሰጠው ጨርቅ ነው፣ ግማሹ ደግሞ እኔ ራሴ ተቀብዬ ሳልመዘግብ የረሳሁት። አፈርኩ። ሱቁን እሱ ወሰደ፣ ድርሻዬን በስድስት ወር ከፍሎ ጨረሰ። አሁን በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን።

የሕግ ሰው፦
ሽማግሌ ከመጥራትህ በፊት ቃላቱ አይምታቱብህ። አስማሚ ወይም አስታራቂ አይፈርድም፣ ያቀራርባችኋል፣ ካልተስማማህ ተነስተህ መሄድ ትችላለህ። የግልግል ዳኛ ግን ይፈርዳል፣ ውሳኔውም እንደ ፍርድ ይፈጸምብሃል። ሁለቱም በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ተደንግገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመመሥረቻ ጽሑፋችሁን አውጣና አንብብ። "አለመግባባት ሲፈጠር በግልግል ይታያል" የሚል አንቀጽ ሳያነቡት የሚፈርሙ ብዙ ናቸው። ክስ ቢከፈት እንኳ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል መንገድ አለ፣ እዚያም መታረቅ ይቻላል።

ከተስማማችሁ ደግሞ "ይቅር ተባብለናል" ብላችሁ አትለያዩ። ስንት ብር፣ ማን ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ቀኑ ካለፈ ምን ይሆናል፣ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ለወደፊቱ ደመወዝ ይከፈልህ ከተባለም ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይወሰን። በቃል የቀረ ነገር እኮ ነው ያጣላችሁ።

የሰው ኃይል፦
ስለ ተባረረው ልጅ ማንም ምንም አላለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ ክሱ አይሰማም። "ቆይ እንነጋገራለን" እየተባለ ሲመላለስ ሦስት ወሩ ያለፈበት ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ሽምግልና እኔ ግፍ ነው የምለው። ደግሞም አንተና ሸሪክህ እኩያ ናችሁ፣ ልጁ ግን እናንተ በመረጣችሁት ሽማግሌ ፊት ምን አፍ ኖሮት ይናገራል? እሱ የሚያምነው ሰውም ይቀመጥ። የእሱን ጉዳይ ከእናንተ ጠብ ለዩትና በዚህ ሳምንት አነጋግሩት።

ጣውላው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መመሥረቻ ጽሑፉን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አየሁት፣ የግልግሉ አንቀጽ እውነትም አለ፣ ከሥሩ የእኔም ፊርማ አለ😅። ለሸሪኬ ደወልኩለት፣ መጀመሪያ ዘጋብኝ፣ ማታ መልሶ ደወለ። ሂሳብ አዋቂ ይቅረብ በሚለው ተስማማ፣ አክስቱ ግን እንዳትመጣ አለ። ለልጁም ነገ እንደውልለታለን። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ሥራ ቤቱ እንገናኛለን። አሁን የዓመቱን ደረሰኝ ከመሳቢያው እየለቀምኩ ነው፣ የየካቲቱ ግን ጠፍቶብኛል።