የባሕር አውሮፕላኔ ውሃ ላይ ለምን እንደ መኪና ትሆናለች?

ጠያቂ ከቡራዩ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፍላይትጊር በተባለው የኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር፣ ፍሎት (በጎማ ፋንታ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋት ጀልባ መሰል እግር) የተገጠመላት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። አየር ላይ ከወጣች በኋላ እንከን የላትም፤ የሚያስቸግረኝ የውሃ ላይ ጠባይዋ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመታት ፍንክች አትልም፤ ሙሉ ነዳጅ ስሰጣት ያለ አንዳች ትግል ሮጣ ትነሳለች፤ ካረፈች በኋላ ሞተሩን ብዘጋው እንኳ ውሃው አይዛትም፣ ዝም ብላ ትንከባለላለች። የምለማመደው ሰፈሬ አጠገብ ባለው በገፈርሳ ግድብ ላይ ነው፤ በሲሙሌተር ማለቴ ነው፣ እውነተኛው ግድብማ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው። ባለፈው እሑድ ዳር ቆሜ ግንባራቸው ነጭ የሆነውን ጥቁር የውሃ ወፎች ሳያቸው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡና ውሃውን በእግራቸው እየረገጡ ብዙ ሮጠው ነው የሚነሱት። የእኔዋ ከወፎቹ ይልቅ ቀልሏታል። ለእያንዳንዱ ፍሎት አንድ የመነካኪያ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ የሰበቃ ቁጥሮቹን አልነካሁም።

መላሽ ከሱሉልታ፦

ያቀረቧቸው ሦስት ምልክቶች የአንድ በሽታ ናቸው። ያሲም የተባለው የፍላይትጊር የበረራ ስሌት ፍሎትን የሚያየው እንደ ማረፊያ እግር፣ ማለትም ሞላና አሞርዛተር እንዳለው ጎማ አድርጎ ነው፤ ጎማ ደግሞ ወደ ጎን ይይዛል፣ ወደ ፊት ይለቃል። ውሃ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከፍሎቶቹ ኋላ ያሉት የውሃ መሪዎች ወደ ላይ ተሰብስበው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነፋሱ ጅራቱን ገፍቶ አፍንጫውን ወደ ራሱ ማዞር አለበት፤ ወደ ፊት ግን ውሃው በጉተታ ይታገላል።

ኤስፍሪክና ዲፍሪክ የተባሉት የሰበቃ ቁጥሮች (የመጀመሪያው ሳይንሸራተት፣ ሁለተኛው ሲንሸራተት ያለው ሰበቃ) ምንም ካልተጻፈባቸው 0.8 እና 0.7 ሆነው ይቀመጣሉ። በደንብ ዝቅ ያድርጓቸው፤ ሆኖም የፍሎቱ የታችኛው ጠርዝ ወደ ጎን መንሸራተትን በመጠኑ ስለሚቃወም ዜሮ አያድርጓቸው፣ አለዚያ መታጠፊያ ላይ እንደ ሳሙና ትሆንብዎታለች።

ነጥቦቹንም ያብዟቸው፤ በእያንዳንዱ ፍሎት ቢያንስ ሦስት፣ አንዱ ፊት፣ አንዱ ከሆዱ ስር ባለው እርከን፣ አንዱ ኋላ። እርከኑ የተሠራው ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ከፍሎቱ የኋላ ክፍል እንዲላቀቅ ስለሆነ ከስበት ማዕከሉ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ እዚህ ላይ ከተሳሳቱ የቀረው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ስፕሪንግ-ፋክተር-ኖት-ፕሌኒንግ የተባለውን የሞላ ማባዣ ከ1 በታች ካደረጉት ሞላው በዝግታ ጊዜ ይለሰልስና ፍሎቱ ጠልቆ ይቀመጣል፤ ስፒድ-ፕሌኒንግ ብለው የሰጡት ፍጥነት ላይ ሲደርስ ሙሉ ጥንካሬውን ያገኛል። ስንት መጥለቅ እንዳለበት ለመገመት የአሜሪካ ደንብ ይረዳል፤ ፍሎቶቹ ከአውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት በላይ ተጨማሪ 80 በመቶ የማንሳፈፍ አቅም እንዲኖራቸው ስለሚያስገድድ፣ ሙሉ ጭነት ይዛ ስትቆም ከፍሎቱ ይዘት 55 በመቶ ገደማ ውሃ ውስጥ ይሆናል።

መላሽ ከለገጣፎ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም የመነሳቱን ትግል አያመጣልዎትም። እውነተኛው የውሃ ጉተታ ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ ሄዶ፣ ከመነሻ ፍጥነቱ 40 በመቶ አካባቢ ጉብታ ላይ ይደርሳል፤ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ውሃውን የምታርሰው ያኔ ነው። ጉብታውን አልፋ እርከኑ ላይ ስትወጣ ጉተታው ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ኩርባ ሰበቃ ሊሰጥዎት አይችልም። ጄኤስቢሲም በተባለው ሌላኛው ስሌት ግን የውጭ ኃይልን በፍጥነት ሰንጠረዥ መጻፍ ስለሚቻል፣ እኔ ወደዚያው ተሻግሬ ጉብታው ላይ የክብደቱን አንድ አምስተኛ የሚያህል ጉተታ አስቀመጥኩ።

ገፈርሳን መምረጥዎ ደግሞ ፈተናውን አክብዶታል። ግድቡ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ 18 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቀን የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ ገደማ ነው። በባሕር ወለል በ50 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) የምትነሳ አውሮፕላን እዚያ ውሃው ላይ ወደ 59 ኖት መድረስ አለባት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ግን ከሩብ በላይ ጉልበቱን አጥቷል። ውሃው በከፍታ አይቀልም፤ ጉብታው ባለበት ነው። ስለዚህ በሙሉ ጭነት ጉብታውን ሳታልፍ ዳርቻው ላይ ብትደርስ ሞዴልዎ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። መጀመሪያ በባሕር ወለል፣ ለምሳሌ ምጽዋ ላይ ቢሞክሯት ጥሩ ነው።

ጠያቂ ከቡራዩ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መብራት ሲመጣ ሲሄድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ወደ ጄኤስቢሲም ተሻግሬያለሁ። አሁን በሚኒሞ ነፋሱን ራሷ ትፈልጋለች፤ ጉብታውም ምጽዋ ላይ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን እርከኑ ላይ ከወጣች በኋላ አንዳንዴ እንደምትጋልብ በቅሎ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ መወዛወዙም እያደር ይብሳል። አሞርዛተሩን ላጠንክረው?

መላሽ ከሱሉልታ፦

አይቸኩሉ፤ ይህ በእውነተኞቹም ላይ የሚደርስ ነው። አፍንጫው ከልክ በላይ ሲደፋ ወይም ሲቀና ይጀምራል፤ አብራሪው መሪውን በጊዜው ወደ ራሱ በመሳብ ያስቆመዋል፣ ካልቆመ ነዳጁን ዘግቶ መሪውን እንደሳበ ይቆያል። አፍንጫዋን በመካከለኛ ማዕዘን ይዘው ይሞክሩ፤ ያኔም ከተወዛወዘች ጥፋቱ የአሞርዛተሩ ነው።

ጠያቂ ከቡራዩ፦

ዛሬ ጠዋት አሥር ጊዜ አስነሳኋት። የምትወዛወዘው አፍንጫዋን ስደፋት ብቻ ስለሆነ አሞርዛተሩን አልነካሁትም። ገፈርሳ ላይ ግማሽ ነዳጅ ቀንሼላት እንኳ ዳርቻው ደርሳ ሸምበቆ ውስጥ ገብታለች።