ውሻዬ መቻል ሌሊቱን ሙሉ ያክካል፤ ምን ላድርግለት?

የመቻል እናት (ለገጣፎ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ።

መቻል አራት ዓመቱ ነው። የሀበሻ ውሻ ነው፤ አባቱ ግን ጀርመን ሸፐርድ ነበር ብለውኛል። ከአንድ ወር ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እኔም የለኝም። ቤቱ ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ስር ስለሆነ እግሩ ቆርቆሮውን ሲመታ እሰማለሁ። ያክካል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ያክካል።

መጀመሪያ ቁንጫ ነው ብዬ በኦሞ አጠብኩት። ክረምት ስለሆነ ቶሎ አልደረቀም፤ በማግስቱ ባሰበት። ከዚያ ከአንድ የከብት መድኃኒት መሸጫ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ገዛሁ። ስንት ልጠቀም ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «ዝም ብለሽ ነስንሺበት» አለኝ። ሁለት ቀን ቀለል አለው፤ ከዚያ ተመለሰ። አሁን የጆሮው ጫፍ ጸጉሩ ረግፎ ቅርፊት ይዟል። ክርኑም እንደዚያው ነው። ሆዱ ቀልቷል።

ምግቡ አልተቀየረም። ፍርፋሪ፣ አጥንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩዝ በሳንባ እቀቅልለታለሁ።

አንድ ጎረቤታችን የተቃጠለ የመኪና ዘይት በጣሳ ይዘውልኝ መጡ። ድሮ ለውሾቻቸው እሱን ይቀቡ ነበር። በቅንነት ነው ያመጡት። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ልቀባው ወይስ ይቅር?

የረሳሁት ነገር፦ ትንሿ ልጄም ክንዷና ሆዷ ላይ ሽፍ ብሎባታል። ትንኝ ይመስለኛል።

ባለ ሁለት ውሻ (ጀሞ)፦

እህቴ፣ ቁንጫ መሆን አለመሆኑን በነጭ ሶፍት ማየት ትችያለሽ። ጥርሱ በጠበቀ የቅማል ማበጠሪያ ከወገቡ እስከ ጭራው ስር አበጥሪው። የወጣውን ጥቁር ብናኝ ሶፍት ላይ አራግፊና ውሃ ጠብ አድርጊበት። ቀይ ቡናማ ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ የተፈጨ ደም ማለት ነው። ካለቀቀ አፈር ነው። እኔ ዘንድ ሐምሌ ላይ ሁልጊዜ ይለቅቃል።

ደግሞ የሚተኛበት ጆንያ ካለ አውጥተሽ ጣይው። እኔ ውሻውን እያጠብኩ መኝታውን ሳልነካ ስድስት ወር ለፍቻለሁ።

ከሜሪላንድ፦

የእኔዋ የምታክከው መዳፏንና ብብቷን ነበር። ጆሮዋም ውስጡ ይሸት ነበር። ቁንጫም አልነበረባትም። ሐኪሟ ስምንት ሳምንት ሙሉ ከዚያ በፊት በልታው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ እንድሰጣት አዘዘ። ከባድ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር እጅ እየያዝኩ ነው ያሳለፍኩት። በመጨረሻ የዶሮ ሥጋ አለርጂ ሆኖ ተገኘ። የመቻል ምግብ ግን ካልተቀየረ እዚያ አትቸኩዪ እላለሁ። ቢሆንም ለዓመታት የበላው ምግብም አንድ ቀን ሊጠላው ይችላል፤ የእኔዋ እንደዚያ ነበረች።

የቢሾፍቱው ሐኪም፦

እህቴ፣ ዘይቱን አትቀቢው። ከሁሉ በፊት እሱን ልበል። ውሻ የተቀባውን ይልሳል። ያ ዘይት ሆዱ ሲገባ መርዝ ነው፤ በቆሰለ ቆዳም በኩል ይገባል። ጎረቤትሽን አመስግነሽ መልሺላቸው። ኦሞውንም ተዪው። የቆዳውን ስብ አጥቦ ያነሳዋል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ራሱ ያሳክካል።

ጀሞ ያሉት ወንድማችን የተናገሩት የሶፍት ነገር ትክክል ነው። እኔም በየቀኑ አደርገዋለሁ። የቁንጫ ምራቅ የማይስማማው ውሻ አንዲት ቁንጫ ብትነክሰው ለብዙ ቀን ያክካል። ስለዚህ «ፈልጌ አላገኘሁም» ማለት የለም ማለት አይደለም። ደግሞ ውሻው ላይ የምናየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። እንቁላሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በመኝታውና በወለሉ ስንጥቅ ያድጋል፤ ከዚያ ድሩን አድርቶ ለወራት መጠበቅ ይችላል።

ያንቺን ጥያቄ ሳነብ ግን ቀልቤን የያዘው የመጨረሻው መስመር ነው። ትንኝ ይመስለኛል ያልሽው።

እኔ ሰው ውሻ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚያክክ ነው። ወገቡንና የጭራውን ስር ከሆነ ቁንጫን አስባለሁ። መዳፍ፣ ብብት፣ የጆሮ ውስጥ ከሆነ ሜሪላንድ ያለችው እህታችን እንዳለችው አለርጂን። ክብ ሆኖ ጸጉሩ የረገፈና ብዙ የማያሳክክ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። ከደቡብ አካባቢ የመጣ ውሻ መዳፉን ብቻ እየላሰ የሚያነክስ ከሆነ ጣቶቹን እገልጣለሁ፤ ሙጀሌ ውሻንም ይይዛል። የጆሮ ጫፍ፣ ክርን፣ ሆድ፣ በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አብሮ የሚያሳክከው ከሆነ ግን እከክን እጠረጥራለሁ። በዓይን የማትታይ ተባይ ናት፤ ቆዳ ውስጥ ቦይ ሠርታ ትገባለች። ከውሻ ወደ ውሻ በመነካካት ትተላለፋለች። ሰውንም ትነክሳለች፤ ግን የውሻ ተባይዋ ሰው ላይ ስለማትራባ ውሻው ሲታከም የሰውየው ይጠፋል። ልጅሽን ግን የሰው ሐኪም ይያት።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ። የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣትሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ እሺው። የዚያው ወገን የኋላ እግሩ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ባለፉት ሁለት ወራት ከግቢ ወጥቶ ከሌላ ውሻ ጋር ውሎ እንደሆነም አስታውሺ።

አንድ ልመና አለኝ። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የከብት የተባይ መድኃኒት ገዝታችሁ በግምት አትውጉ። ያ 1 ፐርሰንቱ ብልቃጥ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ከብት የተሰላ ነው። በሲሪንጅ በዓይን ግምት የሚሰጥ ሰው ሳያውቅ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ኮሊ ከሚባለው የውሻ ዘር ደግሞ ብዙዎቹ ከተፈጥሯቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ያልፋል፤ ከጀርመን ሸፐርድም እንደዚያ የሆኑ አሉ። የመቻል አባት ሸፐርድ ከሆነ ይህን ለሚያክምልሽ ሐኪም ንገሪው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው እንዲህ የተወጋ ውሻ በጋሪ ይዞ መጣ። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑ አያይም፤ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቁ ይዝረበረባል። አራት ቀን በግሉኮስ አቆየነው። ተርፏል። ባለቤቱ ግን ያንን አራት ቀን ከአጠገቡ ሳይነሳ ሲያለቅስ ነው የከረመው፤ የሚወደውን ውሻ ሊያድን ብሎ እኮ ነው የወጋው።

አቅራቢያሽ ክሊኒክ ካጣሽ እዚህ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ግቢ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ አብሮ ይታከም። አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

የመቻል እናት፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ።

ጆሮውን ስነካው እግሩ ተነሳ። ልቤ ድንግጥ አለ። ሰኔ ላይ በሩ ክፍት አድሮ ሁለት ቀን ጠፍቶብኝ እንደነበርም ትዝ አለኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ከአራት ቦታ በምላጭ ፋቅ አድርጎ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ምንም አላገኘም። ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ግን ተባይዋ ጥቂት ስለሆነች ብዙ ጊዜ እንደማትገኝ፣ ምልክቱን አይቶ ማከም እንደሚሻል አስረዳኝ። መዘነው፤ 22 ኪሎ ሆኗል፣ ከስቷል። የሸፐርዱን ነገር ነገርኩት፤ ለዘሩ የማያሰጋ ኪኒን ሰጠው። በወሩ መልሺው ብሎኛል።

ጆንያውን አቃጥዬ መኝታውን በፈላ ውሃ አጠብኩ። የልጄም ሽፍታ ጠፍቷል። መቻል አሁን ሌሊት ይተኛል፤ የጆሮው ጫፍ ላይ ሐር የመሰለ ጸጉር ጀምሮታል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዘይቱን ያመጡልኝ ጎረቤታችን ውሻም ጆሮውን ማከክ ጀምሯል። ሁለቱ በአጥሩ ስር ይሸታተታሉ። አብሬው ይዤው ልሂድ?

የቢሾፍቱው ሐኪም፦

ይዘሽው ሂጂ። ነገ ከሆነ ይሻላል፤ የመቻልን ቀጠሮ አትጠብቂ። በአጥሩ ስር ያለውን ቀዳዳም እስከዚያ በድንጋይ ዝጊው።