3 ለ 9 ከወጣን በኋላ፦ የቦልደር ምልመላ ያሳስባል ወይስ አያሳስብም? (የደጋፊዎች ውይይት)

የሃቫና ጎዳና ልጅ
ቦልደር ያለው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የ2025 (እ.ኤ.አ.) ሲዝንን 3 አሸንፎ፣ 9 ተሸንፎ ጨረሰ። ዩታ 53 ለ 7 ቀጣን። በሳምንቱ አሪዞና እዚሁ ቦልደር፣ ፎልሰም ፊልድ ድረስ መጥቶ 52 ለ 17 ገረፈን። ከዚያ ወዲህ አውሮራ ውስጥ ቡና ላይም፣ ከቤተክርስቲያን ስንወጣም የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው። አሰልጣኙ ዲዮን ሳንደርስ ከሃይስኩል የሚያስፈርማቸው ልጆች ይበቃሉ ወይ? እኔ አይበቁም ባይ ነኝ።

የአሪዞናውን ጨዋታ ከ9 ዓመት ልጄ ጋር ስታዲየም ገብቼ ነው ያየሁት። የተቀመጥነው ከሜዳው ጫፍ፣ ዝቅ ያለው ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ ሆነህ ስታይ ኳሱ የት እንዳለ እንኳ ይጠፋሃል። ጎልቶ የሚታየው የኦፌንሲቭ ላይን ልጆች፣ ማለት ኳስ ወርዋሪውን ከፊት ቆመው የሚከላከሉለት አምስቱ፣ እግር ነው። ኳሱ ከመሬት ሲነሳ አንዱ እግሩን ሲተክል፣ ሌላው ገና ጓደኛውን ዞሮ ያያል። በመሃላቸው በር ይከፈታል። ልጄ “ባባ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚሄዱት?” አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

ይሄ ደግሞ የ2025 ብቻ አይደለም። በ2023 ኳርተርባካችን (ኳስ ወርዋሪው) ሸዱር ሳንደርስ ኳሱን ሳይወረውር 52 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል። ከፖርታል፣ ማለት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በዝውውር፣ የመጣ ላይንማን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተጫውቶ ይሄዳል። አምስቱ ልጆች ግን ሳይነጋገሩ መግባባት አለባቸው። ያ በአንድ ክረምት ልምምድ አይመጣም። ልጆቹን በ18 ዓመታቸው አምጥተህ፣ አብልተህ፣ ብረት አስነስተህ፣ አብረው እንዲያድጉ ካላደረግክ ከየት ይመጣል?

ሌላም አለ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። የNFL ኮከቡ ክርስቲያን ማካፍሪ ያደገው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ካስል ሮክ ነው፤ ኮሌጅ የገባው ግን ስታንፎርድ። ሌላው የNFL ተጫዋች ካሌስ ካምቤል የዴንቨር ልጅ ነው፤ ማያሚ ሄደ። ሁለቱም የሄዱት ዲዮን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፣ በእሱ አላሳብብም። ግን ዲዮን ተጫዋቾች ቤት ድረስ እየሄደ እንደማይመለምል ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ከሆነ ቀጣዩን ማካፍሪ ማን ያስቀረዋል?

መንገድ 36
ወንድሜ፣ ስለ ላይኑ ያልከው ልክ ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም።

ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን እይ። በ2023 እንደኛው 3 ለ 9 ነበሩ። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ መጣ። ከነበረበት ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ 13 ልጆች ይዞ ገባ። በ2024 11 አሸንፈው 2 ብቻ ተሸነፉ፣ ለአገር ሻምፒዮንነት የሚጫወቱበት ፕሌይኦፍም ገቡ። የ18 ዓመት ልጅ እስኪያድግ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ራሳችንም አይተነዋል እኮ። በ2022 1 ለ 11 ነበርን። ዲዮን ከፖርታል ሰብስቦ በ2024 9 ለ 4 አደረሰን፤ ትራቪስ ሃንተርም የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃይዝማንን ወሰደ። የ4 ዓመት እቅድ ብንጠብቅ ኖሮ ያንን እናይ ነበር?

የሃይስኩል ኮከብ ደግሞ ዋስትና አይደለም። ኮርማኒ ማክሌይን ባለ 5 ኮከብ (መልማዮች ለሃይስኩል ልጅ የሚሰጡት ከፍተኛ ደረጃ) ሆኖ በ2023 ሲፈርምልን ስንት ጮህን? አንድ ዓመት ተጫወተና ፍሎሪዳ ሄደ። ጎረቤታችን ዋዮሚንግ ደግሞ የዛሬውን የNFL ኮከብ ጆሽ አለንን ያገኘው አንድም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሳይፈልገው ቀርቶ ነው።

አሁን ትምህርት ቤቶች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ይከፍላሉ። ለ2025–26 አንድ ትምህርት ቤት መክፈል የሚችለው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ። ያን ገንዘብ ገና ላልተፈተነ ልጅ ከምታፈስ 30 ጨዋታ ለተጫወተ የ22 ዓመት ሰው ብትከፍል አይሻልም?

የሁለት ወንዶች እናት
እኔ ስለ ገንዘቡ ብዙ አላውቅም። ቤቴ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትልቁ ልጄ ላይንማን ነው፣ 17 ዓመቱ። ለቦልደር ደረጃ አይደለም፣ ለአነስተኛ ኮሌጅ ነው፤ በዚህ ቅር አይለኝም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ኮሌጅ አሰልጣኝ ቤታችን መጣ። እኔ ስለ ልጄ ጨዋታ ይጠይቀኛል ብዬ ቪዲዮ አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ቪዲዮውን አላየም። ቡናውን ይዞ የባለቤቴን ትከሻ አየ። የወንድሞቼን ቁመት ጠየቀኝ። ከዚያ ትንሹን ልጄን “ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?” አለው። ሲወጣ “ትልቁ ልጅዎ ገና 15 ኪሎ ይጨምራል፤ እግሩ ግን አሁንም ፈጣን ነው፣ የምፈልገው እሱን ነው” አለኝ።

ይሄን ኮከብ የሚሰጡት ሰዎች ከየት ያውቁታል? ላይንማን በ17 ዓመቱ ያላለቀ ነው። ሊጥ እንደማየት ነው፣ እንጀራው ገና ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሶፋ ላይ ካልተቀመጠ አይታይም። ስለዚህ መንገድ 36፣ ለኳርተርባክና ለሯጭ ያልከው ይሠራ ይሆናል። ለላይን ግን ልጁን ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዲዮን ታሟል፣ ከካንሰር ጋር ታግሏል፤ እግዚአብሔር ጤናውን ይስጠው፣ እሱ አይዙር። ረዳቶቹ ግን ይዙሩ።

የ1990ው
ልጆቼ፣ ከሱዳን ወደዚህ የመጣሁት በ1980ዎቹ ነው። ሌሊት ሆቴል ውስጥ እየሠራሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ነበር የማዳምጠው።

የያኔው አሰልጣኛችን ቢል ማካርትኒ በ1982 ሲጀምር 2 አሸንፎ፣ 8 ተሸንፎ፣ 1 አቻ ወጣ። በ1984 1 ለ 10 ሆነ። ዛሬ ቢሆን በነጋታው ያባርሩት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን ታገሠው። በ1990 የአገር ሻምፒዮን ሆንን። ኦሬንጅ ቦውል በሚባለው የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ኖትር ዳምን 10 ለ 9 ያሸነፍንበትን ሌሊት አልረሳውም።

የሃቫና ልጅ፣ ስለ ሰርዶው ግን አንድ ነገር ልበልህ። የዚያ ቡድን ኳርተርባክ ዳሪያን ሄጋን ከሎስ አንጀለስ ነው የመጣው። ኤሪክ ቢየነሚም የካሊፎርኒያ ልጅ ነው። አልፍሬድ ዊሊያምስ የሂዩስተን። የኛ ስቴት ብቻውን ቡድን አይሞላም። በር አንኳክቶ ማምጣቱ ነው ቁም ነገሩ፣ በሩ የትም ይሁን።

የሃቫና ጎዳና ልጅ
ጋሼ፣ ይቀበሉኝ፣ ስለ ሰርዶው ተረትቻለሁ። ለካ የማዝንበት ማካፍሪ ከዚህ መሆኑ ላይ ሳይሆን አሰልጣኙ በር አለማንኳኳቱ ላይ ነው።

መንገድ 36፣ ኢንዲያና ያመጣቸው 13ቱ ግን ከአንድ ቤት ነው የመጡት። አሰልጣኙን ያውቁታል፣ እርስ በርስም ይተዋወቃሉ። በ2023 እኛ ጋ የሆነው ይሄ ነው? ከ50 በላይ ሰው ከየአቅጣጫው ሰበሰብን። እነሱ የተዛወሩት አብረው ነው፤ ከኛዎቹ ብዙዎቹ ግን መጀመሪያ የተያዩት ቦልደር ላይ ነው።

መንገድ 36
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነህ፣ ያ ልዩነት አለው። ግን ያም ቢሆን ፖርታልን መተው አይደለም፤ አብረው የሚመጡ ልጆችን መፈለግ ነው።

የሃቫና ጎዳና ልጅ
እኔም ተው አላልኩም። የምጠይቀው በየዓመቱ 4 ወይም 5 የላይን ልጅ ከሃይስኩል ነው፣ ሌላውን ከፈለጉት ቦታ ያምጡ።

የሁለት ወንዶች እናት
ወጣቱ ኳርተርባክ ጁጁ ሉዊስም አለ አትርሱ። በህዳር 2025 ገና በ18 ዓመቱ ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰልፎ መጫወት ጀመረ። ዓመቱ ከሚፈቀድለት የመጫወቻ ዓመት እንዳይቆጠርበት በሲዝኑ አራት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ አቆመ፣ ያ መልካም ነው። ግን ፊቱ የሚቆሙለትን ልጆች ካላመጣችሁለት እሱም 52 ጊዜ ይወድቃል። እኔ እናት ነኝ፣ ያንን ደግሜ ማየት አልችልም።

የ1990ው
ልጄ፣ የመጀመሪያውን የሜዳችንን ጨዋታ አብረን እንሂድ። ትንሹን ልጅህንም ይዘኸው ና። እዚያው ጫፍ እንቀመጥ፣ የላይኑን እግር ልይ።